ኮሎኔሉ እንዳይሰማ

"አንተ ልጅ፣ እግሬን ምንድነው የሚያረጥበኝ?"

ጠሃ ባጃጁን ሳያቆም በመስታወት ወደ ኋላ አየ። አቶ ወንድወሰን ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት ከበቾ ቦሬ ሰፈር የሚያሳፍራቸው የቢሮ ሰው። ጫማቸውን እንደ መስታወት አስጠርገዋል።

"ውሃ ነው ጋሼ።"

"ውሃ ይሸታል እንዴ?"

"የቆየ ውሃ ነው።"

ሰውየው ጎንበስ አሉና እግራቸው ሥር ያለውን የፓስታ ካርቶን ከፈት አደረጉት። ሁለት ትልልቅ ጆሮዎች ብቅ አሉ፤ አንደኛው ጫፉ የለም።

"በስመ አብ! ምንድነው ይሄ?"

"ኮሎኔል ነው። አሞት ሐኪም ቤት እየወሰድኩት ነው።"

"ጥንቸል?!"

"ማዕረግ አለው ጋሼ፣ ዝም ብለው ጥንቸል አይበሉት።"

አቶ ወንድወሰን የሚሄዱበት ሳይደርሱ ወረዱ። ሂሳብም አልከፈሉ፣ ጠሃም አልጠየቀ። ጫማው የተሸናበት ሰው ሂሳብ ይጠየቃል እንዴ?

ኮሎኔሉን የገዛው የጠሃ አባት ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሲመለስ አሰንዳቦ ላይ መኪናው ቆመና አንድ ልጅ መንገድ ዳር ጥንቸል ይዞ አየ። ገዛውና በኮቱ ኪስ ከትቶ ለሱዓድ አመጣላት። ሱዓድ የጠሃ ታናሽ እህት ናት። ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች፣ ጥንቸሉም ኪስ የሚበቃው ነበር። ጠሃ እሷን ለማናደድ ብሎ "ምክትል አሥር አለቃ" ብሎ ሰየመው። ከዚያ ወዲህ በየዒዱ አንድ ማዕረግ ይጨምርለታል። ሱዓድ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፣ ኋላ ለምዳው እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ሰላምታ መስጠት ጀመረች። አሁን ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነች። ጥንቸሉ ኮሎኔል ደርሷል፤ ዘንድሮ ጄኔራል ሊሆን ነበር።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ተበላሸ። ኮሎኔሉ ውሃ ሲጠጣ ይውላል፣ የጠጣውን ሲሸና ያድራል። ሲጠጣ ያየው ሰው ጤነኛ ነው ይላል፣ ሲያነሳው ግን ከገመድ ላይ ያወረደው ሸሚዝ ይመስለዋል። ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ የገብስ ውሃ አለች፣ አንዱ ተልባ አለ። ቦሳ አዲስ ሰፈር ባለው ግቢው ውስጥ ጥንቸል የሚያረባው የጠሃ ጀለስ ኤልያብ ደግሞ፣ እሱም ባጃጅ ነጂ ነው፣ "ኩላሊት ከሆነ መድኃኒቱ ቢራ ነው" አለ። "ሙስሊም ቤት ያደገ ጥንቸል እኮ ነው" ቢሉት፣ "እንግዲያው ነፍስ ይማር" ብሎ ባጃጁን አስነስቶ ሄደ።

የእንስሳት ክሊኒኩ በር ላይ ወረፋው በሬ፣ አህያና ጊደር ነው። ጠሃ ካርቶኑን አቅፎ ከአንዲት ጊደር ኋላ ተሰለፈ። ባለቤትዋ ነጋሳ የሚባል ገበሬ ነው። አንገቱን አስግጎ ካርቶኑ ውስጥ አየ።

"ይሄ ይታለባል?"

"አይታለብም።"

"ይታረዳል?"

"አይታረድም።"

"ማሊ ታዲያ? ምንድነው ሥራው?"

"ጡረታ ወጥቷል ኦቦ።"

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ነጋሳ ግን ሳቁን ጨርሶ እንደገና አጎንብሶ አየ፣ ከዚያ ጊደሯን ወደ ጎን ሳባት።

"እለፍ በቃ። የኔዋ ቆማለች፣ የአንተ ተኝቷል።"

ዶክተር ሊያ ቦት ጫማ ያደረገች ወጣት ሐኪም ናት። ኮሎኔሉን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ጀርባውን ዳሰሰችው፣ አፉን ከፍታ አሸተተችው፣ ደም ወሰደችና "ጠብቁ" አለች። ጠሃ ጠበቀ። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷን አየና አፏን ሳትከፍት ቀደማት።

"ዶክተር፣ ውጪ እናውራ።"

"ለምን?"

"እሱ ፊት አይነገርም።"

ዶክተሯ ጥንቸሉን አየች፣ ጠሃን አየች። "አማርኛ ይሰማል?"

"ኦሮምኛም ይሰማል።"

ይቀልድ አይቀልድ እሱ ራሱ አላወቀም። ሲጀምር ቀልድ ነበር። ግን አባቱ ታሞ በተኛ ጊዜ ሐኪሙ እንዲሁ ነበር ዘመዶቹን ወደ ኮሪደር ጠርቶ ያናገራቸው፣ በሽተኛው እንዳይሰማ። ሰው ሲታመም እንዲህ ነው የሚደረገው። ጠሃ ሌላ አያውቅም። ዶክተሯ እሺ ብላ ተከትላው ወጣች፣ በሩንም ገጠም አደረገችው።

"ኩላሊቱ አልቋል። እርጅና ነው።"

"ይድናል?"

"አይድንም። ሁለት ነገር ነው ያለው። ወይ በከረጢት የምሰጣችሁን ውሃ በየቀኑ በመርፌ ቆዳው ሥር ትሰጡታላችሁ፣ እንደልቡ ይጠጣል፣ ውሃ ካጣ ይሞታል፣ ደረቅ ሳር ይበላል፣ ጎመን ትቀንሱለታላችሁ። ትንሽ ይቆያል። ወይ ደግሞ ሳይሰቃይ እንዲያርፍ እኛ እንረዳዋለን።"

"እንዲያርፍ ማለት… መግደል?"

"እንዲያርፍ። የማን ነው?"

"የእህቴ።"

"እንግዲያው እሷን ጠይቃት። የሷ ውሳኔ ነው። ግን ቶሎ በሉ።"

መርፌውን እንዴት እንደሚወጋ አሳየችው። "ቆዳውን እዚህ ትከሻው ጋ እንደ ድንኳን ታነሳዋለህ፣ ከሥሩ ትገባለህ።" ድንኳን ስትል ጠሃን አልተመቸውም። ሲሞክር መርፌው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ወጣና ውሃው የጠሃን ሱሪ አረጠበው። ዶክተሯ "ትለምደዋለህ" አለችው። በሁለተኛው ገባለት። ኮሎኔሉ ትከሻው ላይ ትንሽ እብጠት ተሸክሞ ወደ ካርቶኑ ተመለሰ።

ቤት ሲደርስ "አዳዳ" የሚላት አክስቱ ዘይቡ በረንዳ ላይ መስገጃዋን እያጠበች ነው።

"አሁንም?" አላት።

"አሁንም። ለሱብሂ ቆሜ ሱጁድ ስወርድ ግንባሬ ረጠበ። ያ ረቢ! ቤቱ ሙሉ ወለል እያለለት እዚያችው ላይ! ይሄ እንስሳ ቂብላውን በምን አወቀው?"

"ሊሰግድ ፈልጎ ይሆናል።"

"አስተግፊሩላህ በል!"

"አስተግፊሩላህ።"

ኮሎኔሉን ከካርቶኑ አወጣው። እያዘገመ ወደ ጥግ ሄደ፣ የወለሉን አንድ ቦታ አሸተተና ቆመ። ቦታው ባዶ ነው።

"አዳዳ፣ የውሃ ጣሳው የታለ?"

"ማታ እንዳነሳሁት ነው። ማታ ማታ አነሳዋለሁ። ካልጠጣ አይሸናም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እኔንጃ፣ ሰንበትበት ብሏል። ምነው?"

ጠሃ ሊጮህ ነበር። የእጇን ሳሙና ሲያይ ተወው።

"ዶክተሯ ውሃ ካጣ ይሞታል አለች።"

"ሲጠጣ አይደል እንዴ የታመመው?"

"አይደለም፣ ስለታመመ ነው የሚጠጣው።"

"ታዲያ ከጠጣ ይድናል?"

"አይድንም።"

"ታዲያ ለምን ይጠጣል?"

ጠሃ ክሊኒክ ሆኖ ሲሰማው የገባው መስሎት ነበር። ዘይቡ እጇን በቀሚሷ አደረቀች፣ ገባችና ጣሳውን ከአልጋ ሥር አወጣች። ለሶላት ከምትታጠብበት የውዱ ጆጓ ውሃ ቀድታ ኮሎኔሉ ፊት አስቀመጠችለት። ሁለቱም ቆመው አዩት። ጣሳው ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው።

"ሱዓድን ልንገራት" አለ ጠሃ። "ዶክተሯ የሷ ውሳኔ ነው ብላለች።"

"ለኪ፣ አይሆንም! ፈተና ላይ ናት። ብቻዋን ዶርም ውስጥ ማን አቅፏት ታለቅሳለች? ስትመጣ ቀስ ብለን እንነግራታለን።"

"ጥንቸል እኮ ነው አዳዳ።"

"ላንተ ነው ጥንቸል።"

አባታቸው የሞተ ጊዜም እንዲህ ነበር የተወሰነው። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና "ትንሽ አሞታል ብላችሁ ጥሯት፣ መርዶ በስልክ አይነገርም" አሉ። ሱዓድ በስልክ "ምን ይዤለት ልምጣ?" ብላ ጠየቀች። አንድ ሰው "ብርቱካን ቢጤ" አላት። ከመናኸሪያ በባጃጅ ያመጣት ጠሃ ነው፣ መንገዱን ሙሉ ቀልድ እያወራላት። በሩ ላይ ድንኳኑን ስታይ ብርቱካኑን አልጣለችውም። እንደያዘችው ገባች፣ እንደያዘችው ሴቶቹ መሀል ተቀመጠች። ከእጇ ሊወስድባት የደፈረ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ብርቱካን ገዝቶ የሚገባ የለም።

ከሰዓት በኋላ ሱዓድ መልእክት ላከች። "ከመግሪብ በኋላ በቪዲዮ እደውላለሁ። ኮሎኔልን አሳየኝ፣ ጥናቱ ሊያሳብደኝ ነው።"

ጠሃ ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተወው። መሸወድን ግን ማንም ሳያስተምረው ነው የቻለበት። ባጃጁን አስነስቶ ወደ ኤልያብ በረረ።

"አመዳማውን ጥንቸልህን ለአንድ ምሽት ስጠኝ።"

"ልትበላው ነው?"

"ለቪዲዮ ነው። የኮሎኔሉን ቦታ ይይዛል።"

ኤልያብ አየው። "እህትህን ልትሸውዳት ነው?"

"ፈተና ላይ ናት።"

"ጭንቅላት አለህ" አለ ኤልያብ። ጥንቸሉን አንስቶ ሊሰጠው ሲል ግን መልሶ ወደ ራሱ ሳበው። "እሱ ሲሞትስ? ይሄን ልትሰጣት ነው?"

"እኔንጃ። ዛሬን ልለፍ።"

አዲሱ ጥንቸል ወጣት ነው፣ ጡንቻ በጡንቻ። ችግሩ ጆሮው ብቻ ነው። የኮሎኔሉን ግራ ጆሮ ጫፉን ድመት በልታዋለች፣ የዚህኛው ሙሉ ነው። ጠሃ ስልኩን በጥንቸሉ ቀኝ በኩል ሊይዝ ወሰነ። ኮሎኔሉን ከነጣሳው ወደ ጥግ አደረገው፣ ዘይቡን ከስልኩ ኋላ አስቀመጣት።

ስልኩ ጠራ። ሱዓድ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት አብጦ ታየች።

"የታለ? የታለ የኔ ኮሎኔል?"

"ይኸው።"

"ወይኔ! ወላሂ ወጣት ሆኗል! ምን እያበላችሁት ነው?"

"ጎመን" አለ ጠሃ፣ ወዲያው ጎመን መከልከሉ ትዝ አለው።

"ኮሎኔል! ሰላምታ!" አለች ሱዓድ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ። የኤልያብ ጥንቸል፣ ምን ሸትቶት እንደሆነ እንጃ፣ በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሱዓድ ሳቀች። አባታቸው ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ጠሃ ሰምቷት አያውቅም። ዘይቡ ከስልኩ ኋላ ሆና "ጎበዝ፣ ጎበዝ" በሚል ራሷን ትነቀንቃለች።

በሕይወቱ ከሠራው ተንኮል ሁሉ ያማረው ይሄ ነው። የራሱን ሳቅ ጠበቀ፣ አልመጣም። ለምን እንደሆነ አልገባውም። ልጅቷ ተደስታለች፣ አክስቱ ተደስታለች፣ ጥንቸሉም ግድ የለውም። ታዲያ ማን ነው የከፋው?

"ጠሃ" አለች ሱዓድ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች። "ፈተናዬን ስጨርስ በቀጥታ ነው የምመጣው። ምን ይዤለት ልምጣ?"

ከጥጉ የጣሳው ድምፅ ይሰማል፣ ኮሎኔሉ እየጠጣ ነው። ዘይቡ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋለች።

"ሱዓድ።"

"እ?"

"ቁጭ በይ።"

ሱዓድ ቁጭ ብላ ነበር። ግን ይሄ ቃል ሲባል ምን እንደሚከተል የማያውቅ የለም። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ።

"አልሞተም" አለ ጠሃ ቶሎ ብሎ። "መጀመሪያ እሱን ስሚኝ፣ አልሞተም። ይሄኛው የኤልያብ ነው። ኮሎኔሉ እዚያ ነው።"

ስልኩን ወደ ጥጉ አዞረው። ጎባጣ ጀርባ፣ የተቆረጠ ጆሮ፣ ጣሳ። ዘይቡ "ያ ጠሃ!" አለችና አፏን በሻሿ ሸፈነች። ጠሃ ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን ሊነቀንቀው ሲል የሱዓድ ድምፅ መጣ።

"ቅርብ አድርገው።"

አቀረበው።

"ከስቷል።"

"አዎ።"

"ምኑን ነው ያመመው? ሐኪሙ ምን አለ?"

ጠሃ ስልኩን ይዞ ተነሳ። ወደ በረንዳው ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ በሩ ላይ ቆመ። ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የታወቀው። ዞር ብሎ ኮሎኔሉን አየው። ተመለሰና እርጥቡ ወለል ላይ፣ ከጣሳው አጠገብ ቁጭ አለ። እህቱም ኮሎኔሉም እንዲተያዩ ስልኩን የአክስቱ የውዱ ጆግ ላይ አስደገፈው፣ መርፌውንና የውሃውን ከረጢት ከኪሱ አወጣ።

"ኩላሊቱ ነው" አለ ድምፁን ሳይቀንስ። "አይድንም። ያለውን ሁሉ እነግርሻለሁ፣ ከዚያ አንቺ ወስኚ። ያንቺ ነው።"

ኮሎኔሉ ጆሮውን እንኳን አላነቃነቀም። ውሃውን ይጠጣል።