የጋሽ ሳንባ ጡጦ

ጋሽ ሳንባ ስማቸውን እንዲሁ በዋዛ አላገኙትም። በወጣትነታቸው ጊዜ ሌላው የባሕር ጠላቂ አንድ ሲሊንደር አየር ጨርሶ ሲወጣ እሳቸው ገና ግማሹን አልነኩትም ነበር። በዚህ ወደብ የመርከብ ሆድ እየፋቁ ሠላሳ አራት ዓመት ሲኖሩ፣ አንድም ቀን "አየር አለቀብኝ" ብለው ለማንም ምልክት ሰጥተው አያውቁም። ይህንንም ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ያወራሉ።

የአየሩን ጌጅ እያዩ እንዲሠሩ ቢመከሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። የሳቸው መለኪያ ሌላ ነው። አንድ ሲሊንደር ማለት ከመርከቧ የኋላ መሪ ተነስቶ እስከ ሰባተኛው የብየዳ መስመር ድረስ ብረቱ ላይ የተጣበቀ ዛጎል መፋቅ ማለት ነው። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ይወጣሉ፤ በቃ። ችግሩ ይህን ልክ የወሰዱት በሃያ ስምንት ዓመታቸው መሆኑ ነው። አሁን ስድሳ ሁለት ሞልቷቸዋል። ሲሊንደሩ ያው ነው፤ ሳንባው ግን ያው አይደለም። ይህን ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

የደፈረችው ልጃቸው ናት። ሙያውን ከሳቸው ተምራ፣ በኋላም ሥልጠና ወስዳ፣ አሁን አብራቸው የምትጠልቅ አንድ ልጃቸው። አንድ ጠዋት ክንድ የማታክል፣ የራሷ መተንፈሻ ያላት ትንሽ ሲሊንደር ይዛ የሥራ ጀልባቸው ላይ ወጣች።

"አባዬ፣ ይቺ መጠባበቂያ ናት። ዋናው ቢያልቅብህ ወይ ቢበላሽብህ እስክትወጣ ትበቃሃለች።"

"ደረቴ ላይ ያለው ትርፍ መተንፈሻስ ምን ሊሠራ ነው?"

"እሱማ አየር ላለቀበት ጓደኛህ ነው። የሚስበው ከዚያው ከዋናው ሲሊንደር አይደል እንዴ? ዋናው ባዶ ከሆነ ሁለት መተንፈሻ ቢኖርህ ምን ይረባሃል?"

ጋሽ ሳንባ ትንሿን ሲሊንደር አገላብጠው አዩና፣ "በስተርጅና ጡጦ ልታስይዢኝ ነው?" አሉ።

ጀልባ ነጂው በሳቅ ፍርስ አለ። እሷ ግን አልሳቀችም።

"ጡጦም በላት ምን፣ ያለሷ ከወረድክ ከነገ ጀምሮ ከሌላ ሰው ጋር ነው የምሠራው። አጠገብህ ቆሜ ስትሞት አላይም።" መጨረሻው ላይ ድምጿ ተሰበረ።

ጋሽ ሳንባ ሲሊንደሯን ተቀበሉ። በዚህ ዕድሜያቸው ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳቸው ነገር ቢኖር ከልጃቸው ጋር ውኃ ውስጥ መግባት ነው። "እሺ፣ እሺ፣ እይዛታለሁ" አሉ። ልጅቷ ቀድማ ስትገባ ግን ጡጦዋን ከጀልባው ሸራ ሥር ወሸቅ አደረጓትና፣ ጀልባ ነጂውን በዓይናቸው "ዝም በል" ብለው ተከተሏት። ሰው በስድሳ ሁለት ዓመቱ እንዲህ ያለ የሕፃን ሥራ ይሠራል? ይሠራል።

ውኃው ድፍርስ ነበር፤ ከክንድ አልፎ አያሳይም። መርከቧ ደግሞ ሆደ ሰፊ የጭነት መርከብ ናት። ከሥሯ የገባ ሰው ቀጥ ብሎ መውጣት አይችልም፤ አናቱ ላይ ያለው ብረት ነው። ወደ ጎን ብዙ ቀዝፎ ነው ሰማይ የሚያየው።

አምስተኛው የብየዳ መስመር ላይ መተንፈሻው እምቢ እምቢ አለ። ሳቡ፤ ትንሽ መጣ። ደግመው ሳቡ፤ ምንም። ጌጁን አንስተው ቢያዩት ዜሮ ላይ ቆሟል። ክው አሉ። እጃቸው ደረታቸው ላይ ወዳለው ትርፍ መተንፈሻ ሄደና መንገድ ላይ ቀረ። ልጅቷ ያለችው ትዝ አላቸው።

የልጅቷ የእጅ ባትሪ ከወዲያ ጭል ጭል ይላል። የሚያሳፍረው ነገር፣ ጋሽ ሳንባ ወዲያው አልሄዱም። "ትንፋሼን ይዤ፣ ሳታውቅብኝ ብወጣስ?" የሚል ሐሳብ መጣባቸው። ከሞቱ ይልቅ እፍረቱ ከበዳቸው። ግን ያ የተሰበረ ድምፅ ጆሯቸው ላይ ደወለ። በመፋቂያቸው ብረቱን ሦስት ጊዜ መቱና ወደ ብርሃኑ ቀዘፉ። ፊቷ ሲደርሱ፣ በሠላሳ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መዳፋቸውን በጉሮሯቸው ላይ ወዲህና ወዲያ አደረጉ። በጠላቂዎች ምልክት አየር የለኝም ማለት ነው።

ልጅቷ የራሷን መተንፈሻ ከአፏ ነቅላ አጎረሰቻቸውና እሷ ደረቷ ላይ ያለውን ትርፉን ጎረሰች። ጋሽ ሳንባ ሳቡ። አየር! ነፍሳቸው መለስ አለች። ክንዳቸውን ጨብጣ፣ ሳይጣደፉ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ወጡ።

ጀልባው ላይ ልጅቷ ጎናቸውን አየች፤ ጡጦዋ የለችም። ጀልባ ነጂው ከሸራው ሥር አወጣና መሐላቸው አስቀመጣት።

"ዋሸሁሽ" አሉ ጋሽ ሳንባ። "ማርጀቴን ማመን ፈርቼ ነው።"

"እኔስ? የኔ ፍርሃት ፍርሃት አይደለም?" አለች። ዕቃዋን ሸክፋ ወረደች። "ነገስ..." ብለው ጀምረው ተዉት።

በማግሥቱ ጋሽ ሳንባ ከሁሉ ቀድመው ወደቡ ደረሱ። ጌጁን ከፊታቸው፣ ጡጦዋን ከጎናቸው አስረው፣ ዓይናቸውን የወደቡ በር ላይ ተክለው ቆዩ። ካልመጣች ሊያደርጉ የሚችሉት ነገር የለም፤ ቃላቸውን ያፈረሱት እሳቸው ናቸው።

መጣች። ከእግር እስከ ራሳቸው ቃኘቻቸው። ከዚያ የጡጦዋን መተንፈሻ አንስታ አፏ ውስጥ አደረገችና ሳበች፤ ምንም የለም።

"አባዬ! ቫልቩ እኮ ተዘግቷል!"

ጀልባ ነጂው ሳቁን ለማፈን ፊቱን አዞረ። የትናንቱ ጋሽ ሳንባ ቢሆኑ "ሆን ብዬ ነው" ይሉ ነበር። እንዲያውም አፋቸው ተከፍቶ ነበር፤ ዋጥ አደረጉት።

"ረስቼው ነው" አሉ። "እስቲ እዪልኝ። ሌላም የረሳሁት ካለ ንገሪኝ።"

ልጅቷ ቫልቩን ከፈተች፤ ማሰሪያውን አጠበቀች፤ እጇን ከትከሻቸው ላይ ቶሎ አላነሳችም።

"ዛሬ እስከ ስንተኛው መስመር ነው የምንሄደው?" ብለው ጠየቋት።

"እስከ አራተኛው።"

"እስከ አራተኛው" አሉ ጋሽ ሳንባ፤ ተከታትለውም ውኃው ውስጥ ገቡ።