ሦስቴ ያመለጠ ድል

"ቼክ!" አለች ፋርማሲስቷ፣ ግንቧን ገፋ አድርጋ።

አባቷ በደህናው ግራ እጃቸው ንጉሣቸውን አንድ ቤት አሸሹት። የቼዝ ሰሌዳው ላይ የቀረው ጥቂት ነው፤ ሁለት ንጉሦች፣ ሁለት ግንቦችና ንግሥት ለመሆን ሁለት እርምጃ የቀረው የእሷ ወታደር።

ታላቅ ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። "እህቴ፣ ቶርኖ ቤቱን የሚገዛው ሰው ፍርድ ቤት ደጃፍ እየጠበቀን ነው። ፈርሚና እንሂድ።"

"አንድ ጊዜ፣ ወንድም ጋሼ። ላሸንፈው ነው።"

"አባዬን ዛሬ ማሸነፍ ደግሞ ምኑ ያኮራል?"

ለፍርድ ቤት የሚቀርበው ወረቀት ከሰሌዳው አጠገብ ተዘርግቷል። "አባታችን ነገር ለይተው ማወቅ አይችሉምና የቶርኖ ቤታቸውን እኛ ልጆቻቸው እንድንሸጠው ይፈቀድልን" ይላል። የወንድሟ ፊርማ አርፎበታል፤ የእሷ ይቀራል። አባቷ በዚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ብረት ሲቀርጹ ኖረው፣ የዛሬ አራት ወር ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰና ቀኝ ጎናቸውም አንደበታቸውም ተያዘ። የተረፈቻቸው ቃል አንዲት "ቆይ" ናት። ውኃ ሲያምራቸው "ቆይ"፣ ሲከፋቸው "ቆይ"፣ መርፌ ይዛ ለምትመጣው ነርስም "ቆይ"። ነርሷ ግን አንድም ቀን ቆይታላቸው አታውቅም።

ፋርማሲስቷ መድኃኒት ቤቱን ለምሳ ዘግታ ወደ አባቷ ቤት የመጣችው ለመፈረም ነበር። አባቷ ሰሌዳውን በአንድ እጃቸው እየጎተቱ ሲያመጡት ግን እምቢ ማለት አልሆነላትም። መሰናበቻ ጨዋታ ትሁን አለች በልቧ።

ወታደሯ አንድ እርምጃ ሲቀረው የራሷ ንጉሥ ፊቱ ተገትሮ መንገድ ዘጋበት። ንጉሡን አወጣችው። ወዲህ ሲል የአባቷ ግንብ ቼክ፣ ወዲያ ሲል ቼክ። ሲሸሽ ሲሸሽ ከወታደሩ ራቀና ግንባቸው ወታደሩን ለቀም አደረገው።

"እኩል ወጣን፤ ጎበዝ አባዬ!" አለች ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። ብዕሩን አነሣች።

"ቆይ" አሉ አባቷ።

"ምን ፈለግህ? ውኃ?"

"ቆይ!" ራሳቸውን በኃይል ነቀነቁና ጠጠሮቹን መልሰው መደርደር ጀመሩ። የእሷን ንጉሥ ከወታደሩ ፊት ገተሩት። ከዚያ ንጉሡን ከማውጣታቸው በፊት የእሷን ግንብ ወደ ሰሌዳው መሐል ከፍ አደረጉት። ንጉሡ ወጣ፤ ቼክ፣ እንደገና ቼክ፤ በመጨረሻ ያ ግንብ ከመሐል መጥቶ ንጉሡን ከለለው። ወታደሩ ነገሠ።

"እንዴ!" አለች።

እሳቸው አልጨረሱም። ወደ ኋላ ሄደው ግንብ በግንብ መለዋወጥ ፈርታ የሸሸችበትን ቦታ ደረደሩ። ሁለቱንም ግንቦች ከሰሌዳው አነሡ። ወታደሩ ብቻውን ሮጠ፤ የአባቷ ንጉሥ በአንድ እርምጃ ሳይደርስበት ቀረ። በጣቷ ቆጠረችው፤ ልክ ነው። አሁንም ወደ ኋላ ሄዱ። ቼክ ብላ ንጉሣቸውን ወደ ወታደሩ የነዳችበትን ቦታ አሳዩዋት፤ ግንቧ እንደ አጥር ባለበት ቢቆም ኖሮ ንጉሡ ማለፊያ አልነበረውም።

"ታዲያ አንዴ ካመለጠኝ በኋላ ዕድሉ እንዴት ተመልሶ መጣልኝ?"

ሁለት ቦታ የራሳቸውን ጠጠር አንቀሳቅሰው ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። እኔም ተሳስቻለሁ ማለታቸው ነው።

ፋርማሲስቷን ገረማት፤ መገረሙ አልበቃ ብሎ ፈራች። ከአርባ በላይ እርምጃ፣ የእሷም የእሳቸውም፣ አንዱ ሳይጎድል እዚያ ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጧል። እሷና ወንድሟ አራት ወር ሙሉ ስለዚህ ጭንቅላት እንደ ባዶ ቤት ሲነጋገሩ ከርመዋል።

"ምን እያደረገ ነው?" አለ ወንድሟ ጠጋ ብሎ።

"ሦስቴ አሸንፌው እንደነበር እየነገረኝ ነው። እኔ ሳላየው እሱ ሁሉንም አይቶታል።"

"ምሳ መብላቱን እንኳ አያውቅም እኮ!"

"ጠይቀነው እናውቃለን?"

ወንድሟ ወረቀቱን አየት አድርጎ፣ "ቶርኖ ቤቱ ውስጥ ማሽኑ እየዛገ ነው፤ ክፉ አስቤ መሰለሽ?" አለ።

"አልመሰለኝም። እኔስ ልፈርም አይደል የመጣሁት?"

ሰሌዳውን ገለል አደረገችና ወረቀቱን ወደ አባቷ አዙራ ብዕሩን ግራ እጃቸው ሥር አኖረችው። "አባዬ፣ ይህ ስለ አንተ የተጻፈ ነው። ቀስ ብዬ ላንብብልህ፤ ስህተት ያለበትን አንተ ሰርዘው።"

ወንድሟ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እሷም ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመረች።