ሦስተኛዋን ሁለት ጊዜ

የሰደበኝ ኢንጂነሩ ነው። ሐሙስ ቀን ነበር፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል፣ ልጄ የመጀመሪያ ጥርሷን ባወጣች በሦስተኛው ቀን። ቦታው የማሽን ክፍሉ በር ላይ፣ እሳት ማጥፊያው ከተሰቀለበት ሥር። የሰሙት አራት ሰዎች ናቸው፦ የመሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር፣ ሁለት እንግዶች፣ አራተኛው ደግሞ የቤት ቁልፍ ሊወስድ ብቅ ያለው የሚስቴ ወንድም። እኔ አንድ ሣጥን ካርድ በሁለት እጄ ታቅፌ ቆሜያለሁ። ዳይሬክተሩ የዚህ ሰውዬ ሥራ ምንድነው ብሎ ጠየቀ። ኢንጂነሩ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣

"እሱ? እሱማ ሁለት እግር ያለው ጋሪ ነው። አዲሱ ፕሮግራም ሲገባ እናሰናብተዋለን" አለ።

እንግዶቹ ሳቁ። የሚስቴ ወንድም ከእንግዶቹ በላይ ሳቀ። የዚያኑ ዕለት ለእህቱ ነገራት፤ በሳምንቱ ሰፈሩ በሙሉ "ጋሪው" ይለኝ ጀመር፤ ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ የጋሪው ልጅ ሆና ገባች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ያመለጠው ሰው ላያውቅ ይችላል፣ ያመለጠበት ግን ያውቃል። ይኸው አርባ አንድ ዓመት ሆነው፣ ደቂቃው እንኳ አልጠፋኝም።

ጋሪ ያሰኘኝ ሥራ ምን እንደነበረ ልናገር። የዛሬ ሰው ስልኩን በጣቱ ሲነካ ሁሉ ነገር ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል። ያን ጊዜ ኮምፒውተር ማለት አንድ አዳራሽ የሚሞላ ብረት ነው። ብረቱ ማስላት ያውቃል፤ ከዚያ ውጭ ደንቆሮ ነው። አንዱ ሥራ ሲያልቅ ቀጥሎ የማን ተራ እንደሆነ አያውቅም፣ መረጃ ከተቀዳባቸው ቴፖች የትኛው የት እንደተሰቀለ አያውቅም፣ የያዘው ሥራ አልጨርስ ብሎት አንድ ቦታ ሲሽከረከር ቢውል ተው የሚለው የለም። ያን ሁሉ የሚያውቅለት ሰው ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። ፕሮግራም የሚጽፉት ሰዎች ሥራቸውን በተበሳ ካርድ አስረው በመስኮት ያቀብሉኛል። ተራ አወጣለሁ። አጭሩን አስቀድሜ ረጅሙን አቆያለሁ። የአንዱ ካርድ ከሌላው እንዳይደባለቅ መሐል መሐሉ ላይ ቀይ ካርድ እሰካለሁ። ቴፕ እሰቅላለሁ፣ አወርዳለሁ። ማሽኑ ፈዞ ሲቀር አቋርጬው ቀጣዩን አስገባለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ቢሆንም ያ ሁሉ ብረት ያለ እኔ ትእዛዝ አንዲት ካርድ አይውጥም ነበር።

ልጄ እንደነገረችኝ በሌላውም ዓለም የተጀመረው እንዲሁ ነው። ውድ ማሽን ተቀምጦ ሰውዬው ካርድ እስኪያነሳ መጠበቁ አንገበገባቸው፤ የሰውዬውን ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም ጻፉና ማሽኑ ውስጥ አስቀመጡት። ዛሬ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ብለው ከንፈራቸውን አሹለው የሚጠሩት እሱን ነው። የእኔ የሥራ መደብ ኦፐሬተር ይባል ነበር። ሥራዬን ሲወስዱ ስሙን ለመለወጥ እንኳ አልተጨነቁም።

የእኛን መሥሪያ ቤት ፕሮግራም የጻፈው ኢንጂነሩ ነው ይባላል። እንዴት እንደጻፈው አይቻለሁ። ወንበር አስመጥቶ ከጀርባዬ አርባ ቀን ተቀመጠ። ካርድ ሳነሳ ይጽፋል፣ ቴፕ ስሰቅል ይጽፋል፣ ሳስነጥስም የጻፈ ይመስለኛል። በአርባ ቀን ውስጥ "ይሄን ለምን አደረግኸው?" ብሎ አንድ ጊዜ አልጠየቀኝም። ስምንተኛ ክፍልን መጠየቅ ዲግሪ ያሳድፋል። ከዚያ ደብተሩን ወደ ፕሮግራም ገለበጠው፤ በገለበጠ በሳምንቱ በሩ ላይ ጋሪ አለኝ።

ካልጠየቃቸው ነገሮች አንዷ የሦስተኛዋ ነገር ነበረች። ቁም ሣጥን የሚያካክሉ አራት የቴፕ ማሽኖች ነበሩን። ሦስተኛዋ ፍሬኗ ተበልቷል። ቴፑን ወደ መጀመሪያው ስታጠነጥኑት ቁሚ ባሏት ቦታ አትቆምም፣ በፍጥነቷ ተንሸራትታ ታልፋለች፤ ካለፈች ደግሞ የምታነበው ሁሉ ዝባዝንኬ ነው። መለዋወጫ ጠይቄ ጠይቄ ሲሰለቸኝ የራሴን ዘዴ ፈጠርኩ። አንዴ አጠነጥናታለሁ፣ ትንሽ ወደፊት አስኬዳታለሁ፣ እንደገና አጠነጥናታለሁ። ሁለተኛው ጉዞ አጭር ስለሆነ ፍጥነት አታገኝም፤ ልክ ቦታዋ ላይ ቀጥ ትላለች። በቃ። የወለቀ በር ከፍ አድርጎ እንደ መዝጋት ያለ ነገር ነው፤ ማንም ዘበኛ ያውቀዋል። ኢንጂነሩም ያየውን ጻፈ፦ ሦስተኛዋን ሁለት ጊዜ።

ያን ጊዜ የኢንጂነሩ ምክትል የነበረ ሰው አለ፤ ዛሬ ዶክተሩ እንለዋለን። ሁለቱ በሹመት ተጣሉና ምክትሉ ጥሎ ወደ አንድ ኮሌጅ ሄደ። ሲወጣ በቦርሳው የፕሮግራሙን ግልባጭ የያዘ ቴፕ ይዞ ነው። አውቃለሁ፣ ቴፑን የገለበጥኩለት እኔ ነኝ፤ እሱም ምን እንደሆነ ሳይነግረኝ፣ እኔም ሳልጠይቅ። እዚያ ስሙን ቀየረለት፣ አዲስ ቀለም ቀባውና የራሴ ሲስተም አለ። የኮሌጁ ማሽን ዕቃው ሁሉ አዲስ ነበር፣ ፍሬኑ እንደ ምላጭ። ግን ሦስተኛዋን ሁለት ጊዜ ያጠነጥናል።

እኔ እንዳሉትም ተሰናበትኩ። ከዚያ ወዲያ በሦስት መሥሪያ ቤት ዕቃ ቤት ሠራሁ፤ ሦስቱም ጋ ማሽን ነበር፣ የአንዱን ሲስተም የኢንጂነሩ ተማሪዎች፣ የሁለቱን የዶክተሩ ተማሪዎች የተከሉት። ጠዋት ሲቀሰቀስ በሩ ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ። አንደኛዋ፣ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ፣ ሦስተኛዋ እንደገና፣ አራተኛዋ። ቴፕ ቀርቶ ዲስክ መጣ፤ ያው። የሚጠነጠን ነገር በሌለበት ሦስተኛውን ዲስክ ሁለት ጊዜ ይነካሉ። አንዱ ከሌላው ሲቀዳ፣ የተቀዳው ሲቀዳ፣ "ይሄ ለምንድነው?" ያለ አንድ የተማረ ሰው አልተገኘም። እነዚያ ሲስተሞች እርስ በርስ ይናናቃሉ፣ የዚህኛው ሰዎች የዚያኛውን ሰዎች ጤና ይስጥልኝ አይሉም፤ ሁሉም ግን የአንድ ሆድ ልጆች ናቸው፣ ምልክታቸውም አንዲት የተበላች ፍሬን።

ጉዱ የመጣው ሁለቱ ሲያረጁ ነው። ኢንጂነሩ መጽሔት ላይ ጻፈ፦ ሦስተኛዋን ሁለት ጊዜ ማጠንጠን "የድርብ ጥንቃቄ መርህ" የሚባል የራሱ ግኝት ሆኖ ሳለ ዶክተሩ ሰረቀው። ዶክተሩ በሚቀጥለው እትም መለሰ፦ የለም፣ "የሁለት እርከን ማረጋገጫ" ነው፣ የራሱ ነው፣ ሰራቂው ኢንጂነሩ ነው። አነበብኩት። ሁለት ሽማግሌ የሌላ ሰው አሮጌ ካልሲ አግኝተው የአባቴ ዘውድ ነው እየተባባሉ ሲጓተቱ ማየት እንዴት እንደሚያስቅ ላስረዳችሁ አልችልም። ሚስቴ ምን አግኝተህ ነው ትለኛለች። እኔ እንጃ እላታለሁ።

ባለፈው ወር መሥሪያ ቤቱ የድሮውን ማሽን ክፍል ማሳያ አዳራሽ አደርገዋለሁ፣ በሲስተሙ አባት ስም እሰይመዋለሁ አለ። የድሮ ዕቃ እንድትሰበስብ የተመደበችው ልጄ ነች፤ አዎ፣ የጋሪው ልጅ እዚያው ቤት ኃላፊ ሆናለች። ሁለቱም አባት እኔ ነኝ አሉ። የዛሬዋ ዳይሬክተር ደግሞ ወሬ የማትወድ ሴት ናት። ሁለቱን ጠርታ፣ ለማየት የፈለገ ሁሉ እንዲገባ ፈቅዳ፣ በአሮጌው ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ልጄ ወሰደችኝና ከኋላ ተቀመጥኩ። የሦስተኛዋን ፍሬን ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር። ማሽኑ ተነቅሎ ግቢ ውስጥ መጣሉን ስሰማ ሄጄ ፈትቼ ያስቀረኋት የጎማ ቁራጭ ናት፤ በአንድ ጎኗ ተበልታ እንደ ጥፍር ሳስታለች።

አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። ድርብ ጥንቃቄ፣ እርከን፣ ፍልስፍና። ዳይሬክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣

"አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ጥንቃቄ ከሆነ ለምን ሦስተኛዋን ብቻ? አንደኛዋ ምን በደለች?" አለች።

ኢንጂነሩ መነጽሩን ጠረገ። ዶክተሩ ወረቀቱን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። ይሄን በትክክል ያስረዳኝ ስሙ በሩ ላይ ይጻፋል፣ ግማሽ ሰዓት እረፍት ውሰዱ ብላ ተነሣች።

መጀመሪያ የመጣው ዶክተሩ ነው፣ ሻይ በእጁ። ጋሼ ብሎ ሻዩን ሰጠኝና ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ። እኔና አንተ እንኳ ድሮ ጥሩ ነበርን አለ። እንደ ድመት ዞረ ዞረና ወደ ፍሬ ነገሩ ሊገባ ሲል ኢንጂነሩ ሲመጣ አይቶ ፈቀቅ አለ። ሻዩን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት።

ከኢንጂነሩ በፊት ግን ልጄ ደረሰች። ዓይኔን አይታ ገብቷታል፤ ትንሽ ሆና ስደብቃት የነበረውን ከረሜላ የምታውቀውም በዓይኔ ነበር።

"አባዬ፣ የምታውቀው ነገር ካለ ለእነሱ ሳይሆን ለዳይሬክተሯ ተናገር። ስምህን ግድግዳው ላይ አስጽፋለሁ" አለችኝ በሹክሹክታ።

ግድግዳው ላይ። የሚሆነው ይታየኛል። በትልቁ የአንዳቸው ስም፣ በታች በትንሹ "መረጃ በመስጠት የተባበሩ"። ወይም ደግሞ ነገሩን ከአፌ ተቀብለው ነገ መጽሔት ላይ "የፍሬን መርህ" ይሉታል። ከእኔ የወሰዱትን አርባ ዓመት ሲበሉ ኖረው ትርጉሙ ብቻ ነው የቀረኝ። እሱንም ዛሬ አቅርቤ ላጉርሳቸው?

ኢንጂነሩ ምርኩዙን እያስቀደመ ወደ በሩ ወሰደኝ። ያው በር ነው። እሳት ማጥፊያው ተለውጧል፣ የተሰቀለበት ሚስማር ያው ነው። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ፤ እጁ ቀሏል። ወንድሜ አለኝ። ከዚያ ይቅርታ፣ ስምዎን ዘነጋሁት አለ። እርስዎ አለኝ እንግዲህ፣ በአርባ አንድ ዓመቱ። የወጋ ቢረሳ ማለት ይሄ ነው፤ የት ቆሞ እንደሚለምነኝ እንኳ አላወቀም።

"እንደው እርስዎ..." አለና ግራ ቀኙን አየ። "ሦስተኛዋን ሁለት ጊዜ የሚያጠነጥኗት ለምን ነበር?"

ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል፤ ከእርጅና ይሁን ከልመና አላውቅም። ስሙ በሩ ላይ ካልወጣ ለልጅ ልጆቹ የሚያሳየው ነገር እንደሌለው ልጄ ነግራኛለች። ዶክተሩ ከመስኮቱ አጠገብ ሆኖ ጆሮውን አቁሟል። ልጄ ከክፍሉ ውስጥ ታየኛለች። ደወሉ ተደወለ፣ ሰው መግባት ጀመረ።

ኪሴ ውስጥ ጎማዋን በአውራ ጣቴ አሸት አሸት አደረግኳት።

"ይንገሩኝ እንጂ" አለ።

እጁን ከትከሻዬ ላይ አንስቼ ወደ ምርኩዙ መለስኩለት። ኮፍያዬን አደረግኩ። በደረጃው ወረድኩ፣ ከኋላዬ አንዴ ጠራኝ፤ በምን ስም እንደሚጠራኝ ስላላወቀ "ስማ!" ብቻ ነው ያለው። ዘበኛው የውጭውን በር ከፈተልኝ፣ ወጣሁ።