ተራ ጠሪዋ

«ሰባት ቁጥር!»

ድምፁ የእህቱ መሆኑን ላፕቶፕ ታቅፎ ጥግ የተቀመጠው ወጣት ያውቃል፤ የወጣው ግን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ነው። ከክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል አንድ ሽማግሌ ተነሡና ወደ ሐኪሙ በር አዘገሙ። ቀጥሎ ስምንትና ዘጠኝ መጠራት ነበረባቸው። ማጉያው ጭጭ አለ።

«ሁለቱን ዋጣቸው» አለች እህቱ፣ ከመስኮቷ ኋላ ሆና በሻከረ ሹክሹክታ።

ስንት ዓመት ተራ ስትጠራ ጉሮሮዋ አልቋል። ሐኪሙ በየጠዋቱ «ግቢና ልየው፤ ድምፅሽ ጨርሶ ሳይጠፋ» ይላታል። እሷም በየጠዋቱ «እኔ ከገባሁ ማን ይጠራል?» ትላለች። ኮድ መጻፍ ብቻውን የተማረው ታናሽ ወንድሟ ይህን ተራ የሚጠራ ፕሮግራም የሠራላት ለዚሁ ነው። ጉሮሮዋ ደህና በዋለበት ቀን ቁጥሮቹን በድምፅዋ ቀረጸ። ሲጨርሱ ለቀልድ «ጠሪዋ ትግባ!» ብላ ሳቀች፤ እሱም አልደመሰሰውም።

«ልጄ፣ ማሽንም እንደ ሰው ያደላል እንዴ?» አሉ ስምንት ቁጥር የያዙት እናት።

«አሁን ይስተካከላል፣ እማማ» አለ ወንድሟ።

እህቱ ልትጣራ ብድግ አለች።

«ቁጭ በይ፣ እታለም! አንቺው ከጮኽሽማ እኔ ምን አለፋኝ?»

ላፕቶፑን ከፈተ። ጥፋቱ የራሱ ነበር። ቁጥር ተቀብሎ የሚጠራውን የጃቫስክሪፕት ፈንክሽን የጻፈው አንድ ቁጥር ብቻ እንዲቀበል ነው። ሦስት ሲሰጡት የፊተኛውን ይዞ የቀሩትን ይተዋል፤ ተሳሳታችሁ ብሎ እንኳ አያጉረመርምም። ቤት ሲሞክረው አንድ አንድ ቁጥር ስለሰጠው እንከን አልነበረውም፤ እዚህ ግን ሰው የሚጠራው ሦስት ሦስት ሆኖ ነው።

ከመቀበያው ስም ፊት ሦስት ነጥብ አስቀመጠ፤ የመጣው ሁሉ፣ ስንትም ይሁን፣ ባንድ ላይ ይሰብሰብ ማለት ነው። ከሥሩ ደግሞ የተሰበሰበውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየዞረ አንድ በአንድ የሚጠራ ሉፕ ጻፈ።

«ስምንት ቁጥር! ዘጠኝ ቁጥር!»

«እሰይ፣ ልብ ገዛ!» አሉ እናትየው እየተነሡ።

እህቱ ፈገግ አለች። «እኔማ ሥራ ፈታሁ በለኛ።»

ወንድሟ የሚቀጥሉትን ሦስት ቁጥሮች ጻፈ። ጣቱ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ከኋላቸው አንድ ሌላ ቅጂ ጨመረ።

«አሥር ቁጥር! አሥራ አንድ ቁጥር! አሥራ ሁለት ቁጥር!» ቀጥሎም ያ ሳቅ ያፈነው የደህና ቀን ድምፅ፦ «ጠሪዋ ትግባ!»

ክፍሉ በሙሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። እህቱ ወንድሟን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ሻርፗን ከአንገቷ ፈትታ ወንበሯ ላይ አኖረች፤ ወደ ሐኪሙ በር ሄደች።