የአባ ኖላዊ ቃል ኪዳን

ባዩ ስለ አየርላንድ መነኮሳት ማውራት ከጀመረ የሚያቆመው የለም። ዶክትሬቱን የሠራው እዚያው አገር ድረስ ሄዶ፣ በእነሱ የዜና መዋዕል ላይ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ታሪክ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የቀኑ ትምህርት ምንም ይሁን ምን ነገሩ ዞሮ ዞሮ እነዚያ ዝናብ የማይለያቸው ገዳማት ይገባል። መነኮሳቱ በየዓመቱ የሆነውን በአጭር በአጭሩ ይጽፉ ነበር። እገሌ ንጉሥ በወንድሙ እጅ ሞተ። ከብት አለቀ። እገሌ አበምኔት ዐረፈ። ባዩን የሚያሟሙቀው ግን የመጀመሪያዎቹ ነገሥታትና ቅዱሳን ጉዳይ ነው። ስለ እነሱ ከተጻፈው ብዙው የተጻፈው እነሱ አፈር ከሆኑ ከብዙ ዘመን በኋላ ነዋ! ቅዱስ ፓትሪክ እንኳ ከአንድ በላይ በሆነ ዓመት ሞቷል ተብሎ ተጽፎለታል። «ገዳም መሬት ሲያምረው የሞተ ንጉሥ ቀስቅሶ ያስፈርማል» ይልና ተማሪውን ያስቃል።

አንድ ከሰዓት ተማሪው ሲያንጎላጅበት፣ ምሳሌ ከሩቅ አገር ለምን አመጣለሁ አለ።

«ከገሳይ በላይ አባቴ ቄሰ ገበዝ የሆኑበት ደብር አለ። ደብሩ የአባ ኖላዊ ገድል አለው። ንጉሡ ለጻድቁ ቃል ገባላቸው ይላል፤ በቅጥሩ መግቢያ ከቆሙት ሁለት ድንጋዮች አልፎ የገባ ሰው ነፍስ ያጠፋ እንኳ ቢሆን አይነካም። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ያ ንጉሥ የነገሠው አባ ኖላዊ ካረፉ መቶ ዓመት አልፎ ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ የተቀመጠው በላይነህ ብቻ አልሳቀም። የዚያው ደብር ልጅ ነበር፤ ክርስትና የተነሣውም ባዩ በሚያላግጥበት ቅጥር ውስጥ ነው።

ገብሱ ሲደርስ የባዩ አባት ቄስ ወርቁ ስልክ ደወሉ። ስልክ ሲይዙ መጮኽ ልማዳቸው ነው። ያን ቀን ግን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«ብርሃኑ ሰው ገደለ» አሉ።

ብርሃኑ የባዩ እኅት የእመቤቴ ልጅ ነው፤ ከሱ ሌላ የላትም። በማሳ ድንበር ከጎረቤቱ ከይሻው ጋር ተጨቃጨቀ፣ ዱላ ተማዘዙ፣ የብርሃኑ ዱላ የይሻው ጭንቅላት ላይ አረፈ። ልግደል ብሎ አልመታውም። ግን ሟች ሟች ነው፣ ደም ደም ነው። ብርሃኑ ሮጦ ድንጋዮቹን አለፈና የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ደወለ። በዚያ አገር ነፍስ ያጠፋ ሰው እንዲህ አድርጎ ከተማጸነ፣ ሽማግሌ ገብቶ የደሙን ነገር እስኪጨርስ ድረስ ማንም እጁን አያነሣበትም።

«የይሻው ወገኖች ከድንጋዮቹ ወዲያ ተቀምጠዋል» አሉ ቄስ ወርቁ። «አልገቡም፤ አይገቡምም። ሽማግሎቹም ከእብናት ተነሥተዋል። የሟች ወንድም በላይነህ ያንተ ተማሪ ነው አሉኝ። መምህሩ ሲናገረው ልቡ ይረጋለታልና ና፣ ልጄ። ቃሌን አጽናልኝ።»

የበላይነህን ስም ሲሰማ ባዩ ያን ቀን ከኋላ ተቀምጦ ያልሳቀው ልጅ ትዝ አለው። ያን ጊዜ «አባቴ፣ እኔ ከመጣሁ ነገሩ ይበላሻል» ብሎ ቢናገር ምን ነበረበት! አልተናገረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያን ገድል ሲሳለሙ የኖሩ አባት ፊት፣ ተማሪ ሰብስቤ ሳቅኩበት የሚል አፍ ከየት ይምጣ? እሺ አለና ሚኒባስ ያዘ።

ከገሳይ ወርዶ ዳገቱን ሲወጣ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። የይሻው ወገኖች መሣሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ሜዳው ላይ ተቀምጠዋል። ከድንጋዮቹ ወደ ውስጥ አለፍ ብሎ ትልቅ ወይራ አለ፤ ጥላው ሰፊ ነው። ሰዎቹ በፀሐይ እየነደዱ ወደዚያ ጥላ አንድ እርምጃ አልገቡም። ባዩ ይህን ሲያይ ደስ አለው፣ አፈረም። አጥሩ ያለ እሱ ቆሟል።

ብርሃኑ ከደወሉ ሥር ገመዱን ጨብጦ ተቀምጧል። እመቤቴ አጠገቡ ናት። አጎቱን ሲያይ ተነሥቶ ቆመ፤ ፊቱ ላይ ተስፋ ታየ።

ቄስ ወርቁ ገድሉን ታቅፈው በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ቆመው ነበር። «ይኸው መጣ!» አሉ ለሰዎቹ፣ በኩራት። «ባሕር ተሻግሮ የተማረው ልጄ። ከኔ ካልሰማችሁ ከሱ ስሙ።»

በላይነህ ተነሣ። ዓይኑ ከለቅሶ ብዛት አብጧል።

«እንደምን ዋሉ፣ መምህር?»

«እግዚአብሔር ያጽናህ፣ በላይነህ።»

«አሜን። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ስለዚህ ቦታ ክፍል ውስጥ የነገሩን እውነት ነው?»

ቄስ ወርቁ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ምን ነግረሃቸዋል?»

ባዩ ከአባቱ ወደ በላይነህ ዞረና ማስረዳት ጀመረ። ዘግይቶ የተጻፈ ሁሉ ሐሰት አይደለም አለ። መነኮሳት ቀድሞ በቃል የነበረውን ነው ብዙ ጊዜ የሚጽፉት፤ አየርላንድም ቢሆን...

«አየርላንድን ይተዉልኝ» አለ በላይነህ። «ወንድሜ ቤት ውስጥ ተገንዞ ተኝቷል። እኔ የሰማሁትን ለነዚህ ለማንኛቸውም አልተናገርኩም። ትናንት ድንጋዩ ጋ ስደርስ እግሬም እምቢ ብሎኛል። ስለዚህ ይማሉልን። ገድሉ ላይ እጅዎን ጭነው፣ ንጉሡ ለአባ ኖላዊ ይህን ቃል ሰጥቷል ይበሉ። ሬሳችንን እንቀብራለን፣ ሽማግሌም እንቀበላለን።»

ከኋላው የተቀመጡት ሰዎች ተያዩ። ስለ ክፍሉ ወሬ ገና መስማታቸው ነው። ከመካከላቸው አንዱ አዛውንት ግን «ይማል» አለ፤ ሌሎቹም «ይማል፣ ይማል» አሉ።

እንግዲህ እውነቱን እንናገር፤ ባዩ መሐላ አይፈራም። በሐሰት ምሎ ምን የሆነ ሰው አለ? በደህና ይበላል፣ በደህና ይተኛል። ለእኅቱ ልጅ ነፍስ ከሆነ ደግሞ መቶ ጊዜ ይምላል። የአባቱ ነገር ሌላ ነው። እሳቸው በአባ ኖላዊ ገድል በሐሰት የማለ ሰው ዓመት እንደማይሞላው፣ ነፍሱም ምሕረት እንደማታገኝ ያውቃሉ። ያውቃሉ ነው ያልኩት፤ እንዲህ ያሉትን በገዛ እጃቸው ፈትተው ቀብረዋል።

«ያምጡልኝ፣ አባቴ» አለ ባዩ።

ቄስ ወርቁ መጽሐፉን ከሸማው ገለጡ። ባዩ እጁን ዘረጋ። የብርሃኑ ዓይን ታየውና እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊያቆመው ቢል ባሰበት። ቄስ ወርቁ እጁን አዩ፣ ከዚያ ፊቱን አዩ።

«ልጄ፣ ምን ነበር ያልካቸው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ያስምሉኝ፣ አባቴ። ቶሎ ያስምሉኝ።»

አባት መጽሐፉን ወደ ደረታቸው ሳቡ። በሸማው ሸፈኑት፣ ሁለት እጃቸውን አደረጉበት።

«አይምልም» አሉ። «ልጄ በዚህ ላይ አይምልም።»

በላይነህ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። የፈለገው ይህን አልነበረም፤ ፊቱ ይናገር ነበር። ግን ከኋላው አዛውንቱ ብድግ አለ። «ቄሱ ራሳቸው ከለከሉት» አለ፣ «ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?» ድንጋዮቹን አልፎም ወይራው ጥላ ውስጥ ገባ። ምንም አልሆነም። ሌሎቹ ተከተሉት። ቄስ ወርቁ «በአባ ኖላዊ!» እያሉ መንገድ ላይ ቢቆሙ በጎንና በጎናቸው አለፉ፤ ባዩ አንዱን አንገቱን ቢይዘው በሰደፍ መትቶ ጣለው። ብርሃኑ አልሮጠም። ደወሉ ሥር ከሆነ የሚደርስበት አልመሰለውም። እዚያው መቱት።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ቀበሩት። ለቀስተኛው ሲበተን አባትና ልጅ መቃብሩ አጠገብ ቀሩ። እመቤቴ አፈሩ ላይ ተደፍታለች።

«ልትምል ነበር?» አሉ ቄስ ወርቁ።

«አዎ።»

«በሐሰት?»

«አዎ፣ በሐሰት።»

«እጅህ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነው። ነፍስህ ፈርታ ነው ብዬ።»

«መሐላውን አልፈራሁም፣ አባቴ። ብርሃኑ እንዳይሞት ነው የፈራሁት።»

«እኔ ደግሞ» አሉ ቄስ ወርቁ፣ «አንተ ማልክም አልማልክም አይገቡም ብዬ ነበር። ቦታውን የሚጠብቁት ጻድቁ ናቸው ብዬ። አንተን ላትርፍ፣ እሱን አባ ኖላዊ ያተርፉታል አልኩ።» ከዚያ በኋላ አለቀሱ። ባዩ አባቱ ሲያለቅሱ አይቶ አያውቅም።

እመቤቴ ከአፈሩ ቀና አለች። ሁሉን ሰምታለች። ቄስ ወርቁ ዕንባቸውን በኩታቸው ጠርገው ወደ እሷ ሄዱ፣ የእጅ መስቀላቸውን አውጥተውም እንድትሳለም ዘረጉላት። ከልጅነቷ ጀምሮ ይህን መስቀል ሳትሳለም ያደረችበት ቀን የለም። አሁን አየችውና ፊቷን መለሰች።

«ያተረፉት እሱን ነው» አለች ወደ ወንድሟ እያመለከተች። «ለሱ ያሳልሙት።»