አልሄድም ያለው ልጅ

«እሱ ነው?» አለ ከኋላው አንድ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ።

«የቱ?»

«ያ ጥጉ ጋ የተቀመጠው። አልሄድም ማለት እሱ ነው?»

«ዝም በል እንጂ፣ ይሰማሃል!»

በያጁ ሰምቷል። የወረቀት ኩባያውን እንደያዘ አንገቱን አላዞረም፤ መዞር ማለት «አዎ፣ እኔ ነኝ» ማለት ነው። ከፔርሙዙ የተቀዳለት ቡና ከበረደ ቆይቷል። ታናሽ ወንድሙ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። እሱም በሟቹ ሳሎን፣ ለለቅሶ በተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች መሀል ተቀምጦ የሰው ዓይን ሲለቅም ዋለ። ማን ከማን ጋር ተጠቃቀሰ? ማን ወደ እሱ እያየ አፉን በእጁ ሸፈነ?

ለቀስተኛው አብዛኛው ወጣት ነው። ሟቹ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ከሰዓት፣ በቤተ ክርስቲያኑ የልጆች ክፍል ውስጥ ሕፃናትን በኢየሱስ ምሳሌዎች ሲያስተምር ኖሯል። ያኔ አፍንጫው ይጠረግለት የነበረው ሁሉ ዛሬ ጢም አብቅሎ፣ ልጅ ታቅፎ መጥቷል። የሟቹን ሚስት አቅፈው ያለቅሳሉ፤ እንባቸውን ጠርገው ቀና ሲሉ ዓይናቸው ክፍሉን ይዞርና እሱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ጎረቤታቸውን በክርን ጎሸም። አንዷማ ፈገግ ብላለታለች። በለቅሶ ቤት!

አጠራራቸውም ግራ ነው።

«ሰናፍጭ፣ ያን ወንበር አቀብለኝ» ትለዋለች የሥራ ልብሷን ሳትቀይር የመጣች ነርስ፣ በር የሚያህለውን ፀጉር አስተካካይ። ልጅ ሳለ ከክፍሉ ሁሉ ያነሰ ድንክዬ ነበር አሉ።

«የጠፋው በግስ አልመጣም?» ይላል እሱ ወንበሩን እያቀበላት።

«ስልኩን መች ያነሳል? እንደ ልማዱ ጠፍቷል።»

ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ዋጥ ያደርጉታል። ለእያንዳንዱ ተማሪ ከምሳሌዎቹ ውስጥ ስም መርጦ ያወጣው መምህሩ ነው። ለተማሪዎቹ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ለታላቅ ወንድሙም አውጥቶለታል፤ ያውም ከጀርባው።

ይህን ካወቀ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚያን ሰሞን የልጆቹ ክፍል መስኮቶች ፍርግርግ ያስፈልጋቸዋል ተባለና ታናሽየው ለመነው። እሱም እያጉረመረመ የብየዳ ማሽኑን ተሸክሞ ሄደ። ሁለቱን መስኮት ጨርሶ፣ ሦስተኛው ላይ መሰላል አቁሞ ኤሌክትሮድ ሲቀይር ልጆቹ ገቡ፤ የወንድሙም ድምፅ ተሰማ።

«ኢየሱስ የተናገረው ስለ ወይን እርሻ ነው። እኛ ግን የወይን እርሻ አይተን ስለማናውቅ አባትየውን ግንበኛ እናድርገው። እሺ፤ አንድ ግንበኛ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ታላቁን ጠራና ‹ልጄ፣ ዛሬ ሄደህ አሸዋ አንሳልኝ› አለው። ታላቁ ምን አለ?»

«አልሄድም!» ልጆቹ ባንድ አፍ።

«እንዴት አድርጎ?»

መምህሩ ግንባሩን ቋጠረ፤ ከንፈሩን አሾለ፤ በሩን ድርግም አድርጎ ዘጋው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

መሰላል ላይ ያለው ሰውዬ ያን ግንባር ያውቀዋል፤ የራሱ ግንባር ነው። በሩም የአባታቸው ቤት በር ነው። ወረደ። ኬብሉን ጠቀለለ። ሦስተኛውን መስኮት ባዶውን ትቶት ሄደ። በኋላ ወንድሙ ምን እንደሆነ ሲጠይቀው «ኤሌክትሮድ አለቀብኝ» አለው። እስከ ዛሬ እንዳለቀበት ነው።

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ልጆች በብየዳ ቤቱ በር ሲያልፉ «አልሄድም! አልሄድም!» እያሉ እጃቸውን ያውለበልቡለታል። አንድ ሁለቴ በብረት ቁራጭ አስፈራርቷቸዋል። እነሱ ግን አይሰለቹም።

ቀዝቃዛውን ቡና ሊደፋ ወደ ማዕድ ቤት ሲገባ የወንድሙ ሚስትና ነርሷ ራስ ለራስ ገጥመው ይንሾካሾካሉ። ሲያዩት ዝም አሉ።

«ምንድነው?» አለ።

«ምንም ጋሼ። ቡናህ በረደብህ? ልቀይርልህ?»

«ቡናውን ተይው። ምንድነው የምትንሾካሾኩት?»

ነርሷ ሚስትየዋን አየቻት። ሚስትየዋ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች፤ አሁን አይሆንም እንደማለት። እሱ የሰው ራስ መነቅነቅ አያመልጠውም።

«የቤት ጉዳይ ነው» አለች።

«እኔ የቤት ሰው አይደለሁም ማለት ነው?»

«ኧረ ጋሼ! ሆድህ እንዲህ አይባስ። ዛሬ እንኳ ተወኝ።»

ተዋት። ግን አልተዋትም። ወደ ጥጉ ተመልሶ ነገሩን ሲያመነዥክ ቆየ።

አባታቸው ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ ይጣራ ነበር፤ «ዛሬ አሸዋ የሚያነሳልኝ ማነው?» ታላቁ ከብርድ ልብሱ ሥር «አልሄድም!» ይላል፤ ተነስቶም በሩን ያላትመዋል። ታናሹ ደግሞ በዚያ ማር በሆነ አንደበቱ «እሺ አባዬ!»። አባት ደስ ብሎት ይወጣል። ሰዓት ሳይሞላ አሸዋ ተሸክሞ መወጣጫው ላይ የሚታየው ግን ማነው? ያ በሩን ያላተመው። እሺ ያለውማ መጽሐፉን ታቅፎ ዛፍ ሥር ነው። ማታ «የኔ ታዛዥ» የሚባለውም እሱ ነው፤ ታላቁ ሠርቶ እንኳ ፊቱ ስለማይፈታ ማን ያመሰግነዋል? አራተኛ ክፍል ሲደርስ «አንተ እጅህ ጥሩ ነው፣ የሱ ደግሞ ጭንቅላቱ» ተባለና ደብተሩ ተዘጋ። ሰው ቃሉ ካማረ እጁን የሚያየው የለም፤ በያጁ ከሕይወቱ የተማረው ይህን ብቻ ነው። ያ ሁሉ አልበቃ ብሎ፣ እሺ ባዩ መምህር ሆኖ እምቢ ባዩን ለሕፃናት መሳቂያ አደረገው።

አራት ወር ይሆነዋል፣ ወንድሙ ብየዳ ቤቱ ድረስ መጥቶ ነበር። ከስቷል፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። እሱ መክሳቱን አይቶ እንዳላየ ሆነ።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ብቅ በልልኝ» አለው። «ልጆቹ ሊያዩህ ይፈልጋሉ።»

«የሚስቁበት አጥተው ነው?»

«ምን?»

«ምንም።»

«ጋሼ ሙት፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ። አንድ የምነግርህም ነገር…»

«ስብከትህን ለልጆችህ» አለና የብየዳ መከላከያውን ፊቱ ላይ አውርዶ እሳቱን ለኮሰ። በጥቁሩ መስታወት ውስጥ ከእሳቱ ሌላ የሚታይ የለም። ቀና ሲል ወንድሙ ሄዷል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ። ነርሷ የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ መጥታለች። ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ አጠገብ ለተቀመጠ ጓደኛው አንድ ነገር በጆሮው ነገረው፤ ሁለቱም ወደ ጥጉ አዩ። እዚህ ላይ በያጁ ተነሳ። ሄዶ ፀጉር አስተካካዩን እጅጌውን ያዘው። የሰውዬው ቡና ሱሪው ላይ ፈሰሰ።

«አልሄድም ማነው?»

«እ… ጋሼ…»

«ማነው አልኩህ? ሦስት ቀን ሙሉ በወንድሜ ሬሳ ላይ ስትሳሳቁብኝ ዝም አልኩ!»

«ጋሼ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ስድብ አይደለም!»

«አንተ የሚያህል ሰውዬ ይዋሻል? ሁለት ፎቅ አክለህ?»

ነርሷ መሀል ገባች። «ጋሼ፣ ይቀመጡ። እኔ ልንገርዎት። መምህር ስለ እርስዎ…»

«አንቺ አትነግሪኝም። ትልቅ ሰው ለሟች ብሎ ያሳምራል።» ዓይኑ ወደ ልጅቱ ሄደ። ከእናቷ ወንበር ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣ የወለቀ ጥርሷን ክፍተት በምላሷ ትነካካለች። «አንቺ፣ መምህሩ ያስተምርሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ሁለት ልጆች ስለነበሩት ግንበኛ ነግሯችኋል?»

«ስለ አልሄድም?»

 እናትየዋ «ማሬ…» ብላ ልትጠጋት ስትል በእጁ አስቆማት።

«ንገሪኝ። እናትሽን እንዳታዪ።»

ልጅቱ ክፍል ውስጥ እንዳለች ብድግ ብላ ቆመች። «አባትየው ‹አሸዋ አንሳልኝ› አለው። ታላቁ ‹አልሄድም!› አለ።» ግንባሯን ቋጠረች፤ በእግሯ ወለሉን መታች። «በሩን ድርግም!»

ማንም አልሳቀም። በያጁ ጥርሱን ነከሰ። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ግንባሩን ግን አሳምራ ወስዳዋለች።

«እሺ። እዚህ ጋ ትስቃላችሁ። አውቀዋለሁ። በቃ።»

«አላለቀም!» አለች ልጅቱ ተቆጥታ።

«ምን ቀረ?»

«ብዙ ቀረ። ከዚያ አባትየው ትንሹን ጠራው። ትንሹ ‹እሺ አባዬዬ!› አለ።» ድምፅዋን አቅጥና፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አጎነበሰች። «እዚህ ጋ ነው በጣም የምንስቀው፤ መምህር እንዲህ ሲሉ ያስቃሉ። ከዚያ ግን ትንሹ አልሄደም። ዛፍ ሥር ተኛ። አልሄድም ያለው ደግሞ ቆይቶ ጸጸተውና ሄደ፤ አሸዋውን ብቻውን ተሸከመው። ከዚያ መምህር ‹ከሁለቱ አባቱ የፈለገውን ያደረገው ማነው?› ይሉናል።»

«ምን ትላላችሁ?»

«አልሄድም ነዋ!» እንዲህ ቀላል ነገር የማያውቅ ትልቅ ሰው አይታ አታውቅም። «ጮክ ብለን ነው የምንለው። እስከ ውጭ ይሰማል።»

በያጁ ወደ ልጅቱ ጎንበስ አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ወጥመድ እንደሚነካ ሰው ጠየቃት። «ትንሹስ ማነው አለ?»

«‹ትንሹ እኔ ነኝ› ይላሉ። ከዚያ ተሰልፈን የክፍላችንን ግድግዳ እንነካለን። አሸዋውን የተሸከመው አልሄድም ስለሆነ። መምህር ‹በዚህ ግድግዳ ውስጥ የኔ አንድ አካፋ አሸዋ እንኳ የለበትም፤ ክርስቶስ የሚወደው እንዲህ ያለውን ሠሪ ነው› ይላሉ።»

እውነት ነው፤ ያን ክፍል የገነባው አባታቸው ነው። አሸዋውን… በያጁ ወደ ነርሷ ዞረ።

«አስጠንተሻት ነው።»

«እኔም ነክቼዋለሁ፣ ጋሼ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ በያጁ እጅጌውን ገና አልለቀቀለትም። «እርስዎ መሰላል ላይ የነበሩ ቀን እኔ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ፤ ስምንት ዓመቴ ነበር። ግድግዳውን ነክተን ስንጨርስ መምህር ‹ኑ ላሳያችሁ፣ ራሱ ውጭ አለ፤ ዛሬም አልሄድም ብሎኝ መጥቷል› አሉን። እየተጋፋን ወጣን። መሰላሉም የለም፣ እርስዎም የሉም። መምህር እዚያ መስኮቱ ሥር ቆመው ቀሩ። ‹ነገ እናየዋለን› አሉን። ከዚያ ወዲያ በመንገድ ስናይዎት ነው እንግዲህ የምንጣራው።»

እጁ እጅጌውን ለቀቀ።

«ለምንድነው ታዲያ ያልነገረኝ?» አለ በያጁ። ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። «ለመቶ ልጅ የተናገረውን ለእኔ መናገር አቃተው? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«መቼ ታስነግራለህ፣ ጋሼ?» አለች የወንድሙ ሚስት ከማዕድ ቤቱ በር። አልተቆጣችም፤ ደክሟታል። «ሲመለስ ‹ዛሬም አልሰማኝም› ይለኝ ነበር። ትናንትም ከእሷ ጋር ስንማከር የነበረው፣ ቅዳሜ ልጆቹ ጋ ብትመጣልን ብለን ነው። ‹እንዴት ብለን እንጠይቀው?› እያልን ፈርተንህ።»

በያጁ ወደ ጓሮው በር ተራመደ።  ሊወጣ ሲል ልጅቱ ኮቱን ጫፉን ያዘችው።

«እርስዎ ያውቁታል?»

«ማንን?»

«አልሄድምን።»

«አውቀዋለሁ» አለ። ድምፁ ዛገበት። «ነገረኛ ሰውዬ ነው።»

ወደ ጓሮ ወጣ። ማንም አልተከተለውም። ልብስ ማስጫ ገመዱ ላይ አንድ ነጭ ሸሚዝ ብቻውን ተሰቅሏል፤ ወንድሙ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ታጥቦ ኖሮ፣ ለማንሳት የደፈረ የለም። ነፋሱ ደረቱን ይከፍተዋል፣ መልሶ ይዘጋዋል። በያጁ ፊት ለፊቱ ቆመ። ብረት የለመዱ ጣቶቹ ትንንሾቹን ቁልፎች መያዝ አቃታቸው፤ አመለጧቸው፣ ደግሞ ያዟቸው። ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ቆለፈለት። አንገቱ ጋ አንዲት ቁልፍ ቀረች። ያቺንም ቆለፈለትና ኮሌታውን አቃናለት።