ወደቁ!

ዓይኔ ባይታመም ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ግራ ዓይኔ ቀላ፣ አበጠ፣ እንባው አልቆም አለ። ሐኪሙ ጠብታ ሰጠኝና «እስኪሻልሽ ስክሪን ላይ አፍጥጠሽ አትጫወቺም» አለኝ። ወይ መከራ! አሶሳ ውስጥ በየጌም ቤቱ ስናይፐር፣ ከሩቅ አነጣጥሮ የሚመታውን ጠመንጃ፣ የሚይዝ ሰው ቢፈለግ መጀመሪያ የሚጠራው ስም አስረሳሽ ነው። ይህን የምለው በጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ በጉራም ነው።

የጨነቀኝ ግን ዓይኔ አልነበረም፤ አባቴ ነው። አባቴ ደባልቄ በልጅነቱ በሰፈራ ከወሎ መጥቶ እዚሁ አሶሳ ዙሪያ መሬት ሲያርስ ያደገ ሰው ነው። ሴት ልጁ ቀኑን ሙሉ የሥዕል ጠመንጃ ስትተኩስ መዋሏ ዋጥ አይልለትም። ተጨቃጭቀን፣ ተኳርፈን፣ በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ ተስማማን። ከባምባሲ ልጆች ጋር ያለብንን ፍጻሜ የሦስት ሰው ቡድናችን ካሸነፈ አዲስ አበባ ሄጄ በአገር አቀፉ ውድድር እጫወታለሁ። ከተሸነፍን ጌም ቤት ደጃፍ አልደርስም። «ቃል ነው?» አለኝ። «ቃል ነው» አልኩት። አባቴ ቃሉን ቢያጥፍ ፀሐይ በምዕራብ ትወጣለች። ለኔ ደግሞ ጌም ማለት «አንቺ ምን ትችያለሽ?» ለሚለኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ ነበር፤ ሌላ መልስ አልነበረኝም።

በኔ ቦታ የሚገባ ሰው ስንፈልግ የተገኘው ኢዘዲን ብቻ ነው። ኢዘዲን የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሲስቅ እንኳ ድምፁ የማይሰማ። ሌላ መሣሪያ ይዞ ይጫወታል እንጂ ስናይፐር ነክቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ከጎኑ ቁጭ ብዬ ጀመርኩት።

«አንተ! ምን ሆነህ ነው የጠመንጃው መነጽር፣ ስኮፑ ላይ ተለጥፈህ የምትውለው? በቁልፍ ቀዳዳ የሚያጮልቅ ሰው ከኋላው ማን እንደመጣ በምን ያውቃል? አየት አድርግና ዓይንህን መልስ።»

«እሺ።»

«ሰውየውን አታሳደው። ብቅ የሚልበትን ጥግ ያዝ፤ ነጥቡን በጭንቅላቱ ቁመት አስቀምጥና ጠብቅ። እሱ ራሱ ይመጣልሃል። ደግሞ እየሮጥክ አትተኩስ! መጀመሪያ ቁም፣ ከዚያ ተኩስ። ከተኮስክ በኋላ መታህም ሳትክም ከዚያ ቦታ ውልቅ በል፤ ታውቀሃላ! ቅርብ ከደረሱብህ ስናይፐሩን እርሳውና ሽጉጥ አውጣ።»

«ወላሂ አስረስ፣ አንተ በጣም ትቸኩላለህ» አለኝ። እኔን «አንተ» ነው የሚለኝ፤ ስሜንም አሳጥሮ «አስረስ»። አማርኛ ለሱ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ ወንድና ሴቱ ይደባለቅበታል።

እጁ ግን ምን ይወጣለታል! ጥግ ይዞ መጠበቅ ላይ እኔን ራሴን የሚያስንቅ ነበር። ችግሩ አፉ ነው። ስናይፐር ዓይን ብቻ አይደለማ፤ ከሩቅ የሚያየው እሱ ስለሆነ ያየውን ለጓደኞቹ መንገር አለበት። ባምባሲዎቹ ሦስት ናቸው። ስናይፐር የምትይዘው ደራርቱ ስትሆን፣ በጌሙ ውስጥ ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት ሆና ነው የምትጫወተው። አለቃቸው ሁንዴሳና ሦስተኛው ልጅ ወንድ ሆነው ይገባሉ። ስለዚህ እኛ ዘንድ «መጣች» ከተባለ ደራርቱ ናት፤ ተደበቅ ማለት ነው። «መጣ» ከተባለ ውጣና ግጠም። በተኩስ ጥድፊያ ጆሯችን የሚይዘው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው። ከዚህ የሚቀል ነገር አለ?

ኢዘዲን ግን «ደራርቱ መጣ» ይላል። «ሁንዴሳ መጣች» ይላል። በልምምድ ላይ ሀይደር የሚባለው ጓደኛችን «መጣ» ሲባል ዘሎ እየወጣ በስናይፐር ይረግፋል። አንድ ቀን ደሜ ፈላና ጮህኩበት።

«እሱንና እሷን መለየት እንዴት ያቅትሃል? የሦስት ዓመት ሕፃን የሚለየውን!»

ኢዘዲን አልተቆጣም። «በኛ ቋንቋ እሱም እሷም አንድ ነው» አለ። ከዚያ ዞሮ አየኝ። «አንተ በርታ ታውቃለህ?»

ምን ልበለው? እዚሁ ተወልጄ፣ ከበርታ ልጆች ጋር ተምሬ፣ ከሰላምታ አልዘልቅም። አፈርኩ። ማፈሬን ላለማሳየት ደግሞ የባሰ ጮህኩ።

የውድድሩ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ውጭ ጄኔሬተሩ ያጓራል፤ ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል። ዳኛው አቶ ነገሪ ሕጉን አነበቡ፤ ተጫዋቾቹ ጆሯቸውን በሄድሴት ይደፍናሉ፣ የሚነጋገሩት ግን ለተመልካች በድምፅ ማጉያ ይሰማል። አሠልጣኝ፣ ማለትም እኔ፣ የሚናገረው በዕረፍት ብቻ ነው። ዙር ላይ ትንፍሽ ካለ ቡድኑ ተሸነፈ። አባቴ ኮቱን ለብሶ ከፊት ተቀምጧል።

መጀመሪያ ላይ መራን። ኢዘዲን የሚተኩሰው ሁሉ ይሰምርለታል። ከዚያ «ሁንዴሳ መጣች!» አለ፤ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። «ሁንዴሳ መቼ ነው የተዳረችው?» አለ አንዱ። በዙሮቹ መሃል ሄድሴቱን ሲያወልቅ ሳቁ ጆሮው ገባ። ደጋግመው እየጮኹ ስሙን ሲጠሩ ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ በኋላ ኢዘዲን ዝም አለ። ጭጭ! ዝም ያለ ስናይፐር ደግሞ ለጓደኞቹ እንደሌለ ነው። ሀይደርና ሦስተኛው ተጫዋቻችን ቦዔዝ በየት በኩል እንደሚመጣባቸው ሳያውቁ እየወደቁ፣ የመራነው ሁሉ ተበላና እኩል ለእኩል ሆንን። አንድ ዙር ብቻ ቀረ።

ዕረፍት ጠየቅኩና ሮጥኩ።

«ለምንድን ነው የማትናገረው?»

«ይስቃሉ» አለ ኢዘዲን። ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

ልጮህ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ምን አድርግ ልለው ነው? በዚች ደቂቃ አማርኛ ላስተምረው? ድንገት መላ መጣልኝ። ለሽማግሌ፣ ለባልቴት፣ ለትልቅ ሰው «እሳቸው» ስንል ወንድ ሴት የለውም፤ «መጡ» ማለት ብቻ ነው!

«ስማኝ» አልኩት። «ደራርቱን አንቱ በላት። እሳቸው መጡ፣ እሳቸው ሄዱ። ለሌሎቹ ስማቸውን ብቻ ጥራ። በቃ! ስለ ወንድና ሴት አታስብ።»

ከወለጋ የመጣው ቦዔዝ በጭንቁ መሃል ሳቀ። «ለደራርቱ አንቱታ! እሰይ፣ ይገባታል!» አለ። ኢዘዲንም ፈገግ አለ። «እሳቸው» አለ ለራሱ፣ «እሳቸው። ቀላል ነው።» ደስ አለኝ፤ ራሴን ብልጥ አልኩት።

የመጨረሻው ዙር ተጀመረ። ገና ከመነሻው ሀይደርና የባምባሲው ሦስተኛ ልጅ ተያይዘው ወደቁ። ከኛ ኢዘዲንና ቦዔዝ፣ ከነሱ ደራርቱና ሁንዴሳ ቀሩ። ኢዘዲን ፎቅ ላይ ጥግ ይዟል። ቦዔዝ ከአጥሩ ጀርባ ነው።

«እሳቸው መጡ» አለ ኢዘዲን በድምፅ ማጉያው። «ከድልድዩ ወዲህ።»

ሕዝቡ ሳቀ፤ እሱ ግን አይሰማም። ቦዔዝ ወዲያው ተጋደመ። ገብቶታል! እጄን ጨበጥኩ። ደራርቱ ብቅ አለችና ተመለሰች። ደግማ ብቅ አለችና ተመለሰች፤ ልታስተኩሰው ነው። አትተኩስ፣ አትተኩስ የኔ ጌታ፣ እያልኩ በልቤ እለምነዋለሁ። አልተኮሰም። የሚሰማው ጄኔሬተሩ ብቻ ነው። አባቴ እንኳ ወንበሩ ጫፍ ላይ መጥቷል።

ቀይ ሻሽ ከድልድዩ አጠገብ ወጣ። ኢዘዲን ተኮሰ። ደራርቱ ተዘረረች።

«ወደቁ!» ብሎ ጮኸ። «ወደቁ! ወደቁ!»

ኧረ በማርያም! «እሳቸው» አላለም። ደስታው አስረስቶት «ወደቁ» ብቻ አለ። «ወደቁ» ደግሞ አንድ አንቱ የተባለ ሰውም ነው፣ ሁለት ሰውም ነው። ቦዔዝ ሁለቱም የወደቁ መሰለው። ልነግረው አልችልም፤ ትንፍሽ ካልኩ አለቀ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወትፌ ነከስኩ። ቦዔዝ «ጌታ ይመስገን!» ብሎ ከአጥሩ ጀርባ ዘሎ ወጣና ሜዳ መሃል ቆመ።

ሁንዴሳ ከአንድ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ መታው።

ከዚያ ያለው እንደ ቅዠት ነው። ኢዘዲን ደነገጠ፣ ጥጉን ለቀቀ፣ ስኮፑን ወዲያና ወዲህ አዞረ። ሁንዴሳ በደረጃው ወጣበት። ኢዘዲን እጁ ወደ ሽጉጡ ሲሄድ ሁንዴሳ ቀደመው። አለቀ።

ባምባሲዎች ተቃቀፉ። ከኋላችን ያሉት «አማርኛ አስተምሩት!» እያሉ ይስቃሉ። ኢዘዲን ሄድሴቱን እንደያዘ ቀርቷል። ቦዔዝ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጧል። ከማን ጋር እንደምጣላ አላውቅም፣ ግን ከሁሉም ጋር ልጣላ ፈልጌ ነበር።

አባቴ ቀስ ብሎ መጣ።

«ስሚ አስረሳሽ። እኔ ጨዋታው አይገባኝም» አለ። «ሰው ሁሉ ግን ይህ ልጅ በአማርኛው አስበላቸው ይላል። አንች በሌለሽበት፣ ሌላ ሰው ላጠፋው አንችን አልቀጣም። ጥፋቱ የሱ ከሆነ ቃሌን አንስቻለሁ፤ ወደ ጌምሽ ተመለሽ። ንገሪኝ፤ የሱ ነው?»

ቃሌን አንስቻለሁ! አባቴ በዕድሜው እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ኢዘዲን ሰማ። ከአባቴ ጋር ያለኝን ውል ያውቃል፤ በልምምድ ላይ ስንት ጊዜ አልቅሼበታለሁ።

«እኔ ነው አባባ» አለ ቶሎ ብሎ። «እኔ ነው ያበላሸ። እሱ የለበትም።» በጣቱ ወደኔ ጠቆመ።

ዝም ብል ይበቃ ነበር። ምንም መዋሸት አያስፈልገኝም፤ ዝም ማለት ብቻ። ልቤ ዝም በይ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ በጣም ዝም ማለት ፈልጌ ነበር። ከኋላ ያ ሳቅ አሁንም አልቆመም።

«ሐሰቱን ነው» አልኩ። «አንቱ በላት ያልኩት እኔ ነኝ አባዬ። እሱ እንዳልኩት አደረገ። ቃሉ ለሁለት ሰው እንደሚሆን እኔ ማሰብ ነበረብኝ፤ ቋንቋው የኔ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አባቴ አየኝ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያስ ቃል ቃል ነው» አለና ወደ በሩ ሄደ።

«አስረስ፣ ለምን?» አለ ኢዘዲን።

«አንድም ስህተት አልተናገርክማ!» አልኩት፤ የሚስቁትም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። ከዚያ አባቴን ተከተልኩ። በሩ ላይ ስደርስ አቶ ነገሪ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱትን ስም መጥራት ጀመሩ፤ ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።